ከቆርቆሮው አጥር ሥር የሚወጣው ጎርፍ

የምናገረው ለእናንተ ነው፤ ለአዲስ አበባ ሕንጻ አስገንቢዎች፣ ለሪል ስቴት ባለቤቶች፣ ለሥራ ተቋራጮች፣ ፊርማችሁን ለምታኖሩ አማካሪ መሐንዲሶች። ክረምት በገባ ቁጥር ከግንባታ ቦታችሁ ቆርቆሮ አጥር ሥር እየሾለከ አስፋልቱን የሚያለብሰው ድፍርስ ጎርፍ የእናንተ ነው። የዝናቡ አይደለም። ዝናቡ ሲወርድ ንጹሕ ነበር፤ ያደፈረሰው እናንተ የገለጣችሁት አፈር፣ እናንተ ያቦካችሁት ሲሚንቶ፣ እናንተ ያንጠባጠባችሁት ናፍጣ ነው። «ምን እናድርግ፣ ክረምት እኮ ነው» የምትሉትን ሰበብ ሰምተን ጠግበናል። ክረምት በዚህ አገር እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ሰኔ መቼ እንደሚገባ እያወቀ ግንቦት ላይ ጉድጓድ ከፍቶ፣ አፈሩን መንገድ ዳር ቆልሎ፣ ሐምሌ ላይ «ጎርፍ ወሰደብኝ» የሚል ሰው አልተወሰደበትም፤ አስወስዷል። ከመካከላችሁ ይህን አስልተው የሚያደርጉ እንዳሉም እናውቃለን። አፈር በገልባጭ መኪና ሲነሳ ኪራይ ይከፈልበታል፤ ጎርፍ ግን በነጻ ያነሳዋል።

ክሱ ከባድ ነውና ከመሬቱ ልጀምር። አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሰሜን እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ በደቡብ አቃቂ ወደ 2100 ሜትር ዝቅ ይላል። በመካከሉ የፈሰሰ ሁሉ መሄጃው ወደ ታች ብቻ ነው። ቀጨኔ፣ ቁርጡሜ፣ ግንፍሌ፣ ቀበና፣ ባንተይቀጡ እየተባሉ የሚወርዱት ወንዞች ዞሮ ዞሮ አቃቂ ይገባሉ፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂም አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ወራት ተጠራቅሞ ይጥላል፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ በሚወርድ ዶፍ። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ሣሩን ገፎ፣ ዛፉን ነቅሎ፣ አፈሩን ፈትቶ ሜዳ ላይ መተው ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት ምህንድስና መማር አያስፈልግም።

አፈሩም ተራ አፈር አይደለም። በቦሌ፣ በአቃቂና በምሥራቁ የከተማዋ ክፍል ያለው ጥቁር ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረት አይሸከምም። ስለዚህ ቆፍራችሁ ታወጡትና በምትኩ ሌላ ሙሌት ታስገባላችሁ። የሚወጣው ዋልካ እጅግ ደቃቅ ነው። ውኃ ውስጥ አንዴ ከገባ፣ ውኃው ቆሞ እንኳ ቢሆን ለመርጋት ቀናት ይፈጅበታል፤ በሚፈስ ወንዝ ውስጥማ ከቶ አይረጋም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሲያሰላው ከግንባታ ቦታ የሚታጠበው ደለል ከእርሻ መሬት ከሚታጠበው ከ10 እስከ 20 እጥፍ፣ ከደን መሬት ከሚታጠበው ደግሞ ከ1000 እስከ 2000 እጥፍ ይበልጣል። የእኛ ገበሬ ማሳውን በማሳጠቡ ስንት ዓመት ሲወቀስ ኖሯል! ከገበሬው አሥር እጥፍ የሚያሳጥበው ባለ ሕንጻ ግን የሚወቅሰው ቀርቶ ለምረቃው ሪባን የሚቆርጥለት ባለሥልጣን ይጋበዝለታል።

አፈሩ ብቻውን ቢሄድ እንኳ አንድ ነገር ነበር። የሲሚንቶ መቀላቀያውን ያጠባችሁበት ውኃ አብሮት ይሄዳል። የትኩስ ኮንክሪት እጣቢ አልካሊነቱ በፒኤች መለኪያ 12 ገደማ ይደርሳል፤ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ያለ ጓንት ሲያቦካ የዋለ የቀን ሠራተኛ እጁን ዘርግቶ ያሳያችሁ። ያንን ነው ቦይ ውስጥ የምትደፉት። ከማሽኑ የሚንጠባጠበው ዘይት፣ የቀለሙ እጣቢ፣ የኬሚካሉ ጣሳ አብሮት ይሄዳል። ሲኖትራኩ ጎማው ላይ የለበሰውን ጭቃ ይዞ አስፋልት ላይ ይወጣና እስከሚራገፍበት ድረስ ከተማውን እየቀባ ይሄዳል፤ ማታ የጣለው ዝናብ ያን ሁሉ ጠርጎ ወደ ቦይ ያስገባዋል። ለምድር ቤት የተቆፈረው ጉድጓድ ያቆረውን ጭቃ ውኃ ደግሞ ሰው ሲተኛ ጠብቃችሁ በፓምፕ ወደ መንገድ ትለቃላችሁ። ሌሊት የምታደርጉት ጥፋት መሆኑን ስለምታውቁ ነው። ባታውቁ ኖሮ በቀን ታደርጉት ነበር።

ከዚያ የት ይደርሳል? መጀመሪያ የሰፈሩ ቦይና ማንሆል ይደፈናል። የሚቀጥለው ዶፍ መሄጃ ሲያጣ ወደ ሰው ቤት ይገባል፤ እሱም ወንዝ ዳር ወደ ተጠጋው የጭቃ ቤት እንጂ ወደ እናንተ ፎቅ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ጎርፍ የሰው ሕይወት ሲቀጥፍ አይተናል። የቀረው ይወርዳል። አባ ሳሙኤል በአገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ግድብ ነው፤ ዛሬ የከተማው ደለልና ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ሆኖ እምቦጭ ለብሷል። ከአባ ሳሙኤል ያለፈው አዋሽን ይቀላቀልና ቆቃ ይገባል። ቆቃ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲሠራ ሊይዝ የታሰበውን ያህል ውኃ ዛሬ አይዝም፤ ሆዱን ደለል ሞልቶታል። አብዛኛው የእርሻ አፈር መሆኑ እውነት ነው፤ ከተማዋ የምትልከው ግን ዘይትና ብረት ተሸክሞ የሚሄድ ነው፤ ደቃቅ አፈር መርዝ ይዞ የመጓዝ ጠባይ አለውና። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። አፋር ምድር ላይ፣ ከጅቡቲ ወሰን አጠገብ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ሌላው ዓለም ቆሻሻውን ውቅያኖስ ውጦለት ይረሳ ይሆናል፤ የእኛ ግን የትም አይሄድም፤ እዚሁ አገር ውስጥ ይቀመጣል። አንዳንዱ እንዲያውም ወደ እናንተው ይመለሳል። በአቃቂ ውኃ የሚለማው ሰላጣ፣ ቆስጣና ጥቅል ጎመን የሚሸጠው አዲስ አበባ ገበያ ነው። የላካችሁትን በሳህን ይዞ የሚያቀርብላችሁ አስተናጋጅ ከየት እንደመጣ አይነግራችሁም።

እንዲህ ሲባሉ ጣታቸውን ወደ ታች የሚቀስሩ አሉ። «ቦዩን የደፈነው ሕዝቡ ነው፤ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚጥለው ማን ነው? ወንዝ ዳር የሰፈረው ማን ነው?» ይላሉ። የአያ ጅቦን ተረት ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ጅቡ ከላይ ሆኖ ይጠጣል፣ አህያይቱ ከታች ናት፤ «ውኃውን አደፈረስሽብኝ» ብሎ ተቆጣት። እሷም ነገሩ ገብቷት «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። ከላይ ቆሞ የታችኛውን «አደፈረስክብኝ» ማለት ከድሮም የበላተኛ ንግግር ነው። ፌስታል መጣል ጥፋት ነው፣ ማንም አያስተባብልም። ነገር ግን አንድ ጎረምሳ የጣለው የውኃ ጠርሙስና የእናንተ ጉድጓድ ያወጣው ስንትና ስንት ገልባጭ አፈር በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ወንዝ ዳር የሰፈረውም ሌላ ቦታ መግዛት ስላልቻለ ነው፤ ሌላ ቦታ የተወደደበትን ምክንያት ደግሞ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የግንባታው ጊዜ ጥፋት አልበቃ ብሎ ሕንጻው ካለቀ በኋላ የሚሠራው የባሰ ነው። ግቢው ከዳር እስከ ዳር በሴራሚክና በኮንክሪት ይለበጣል፤ አንዲት ክንድ አፈር ውኃ እንድትጠጣ አይተውላትም። ጣሪያው ላይ የወረደው ሁሉ በአሸንዳ መንገድ ላይ ይለቀቃል። የመኪና ማቆሚያው ዘይትና የጎማ ብናኝ በጋውን ሲጠራቀም ይከርምና የመጀመሪያው ዝናብ አንድ ላይ ያጥበዋል፤ ለዚህ ነው የክረምቱ መግቢያ ጎርፍ ከሁሉ የሚከፋው። ላቫጆውና ነዳጅ ማደያው ዘይቱን ለይቶ የሚያስቀር ጉድጓድ ሊኖራቸው ሲገባ የብዙዎቹ ቱቦ ቀጥታ ቦይ ውስጥ ይገባል። ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን የሽንት ቤቱ ነው። ለዝናብ ውኃ በተሠራ ቱቦ ላይ የመጸዳጃ መስመር የሚቀጥል ባለ ፎቅ አለ። ለመምጠጫ መኪና ላለመክፈል ሰማዩ ሲጠቁር ጠብቆ ሴፕቲክ ታንኩን ወደ ቦይ የሚለቅም አለ። ስለ ነውር ይህን ያህል በሚወራበት አገር፣ ልጁ መንገድ ላይ ሽንቱን ቢሸና የሚቆጣ አባት የ40 ቤተሰብ እዳሪ በዝናብ አሳብቦ በጎረቤት ደጃፍ ያሳልፋል።

ብዙዎቻችሁ ሃይማኖተኞች ናችሁ። የመሠረት ድንጋዩን በጸሎት ታስቀምጣላችሁ፣ ሕንጻው ሲያልቅ ጸበል ታስረጫላችሁ ወይም ዱዓ ታስደርጋላችሁ። እንግዲያው ነቢዩ ሕዝቅኤል በሠላሳ አራተኛው ምዕራፍ የወፈሩትን በጎች በምን እንደወቀሳቸው እንደገና አንብቡት። ጥፋታቸው መጠጣታቸው አልነበረም። ከጠራው ውኃ ከጠጡ በኋላ የቀረውን በእግራቸው ማደፍረሳቸው፣ ደካሞቹ በጎችም ያን ድፍርስ መጠጣታቸው ነበር። በእስልምናም ሰው ውኃ በሚቀዳበት ቦታ፣ በሚመላለስበት መንገድና በሚያርፍበት ጥላ ላይ መጸዳዳት እርግማን ከሚያመጡ ሥራዎች ተቆጥሯል። እናንተ ውኃውንም መንገዱንም አንድ ላይ ይዛችሁታል።

«ሕግ የለም፣ ማን ነገረን» እንዳትሉ ሕጉ ከብዙዎቹ ሕንጻዎቻችሁ ይቀድማል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ብሏል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጡ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሁለተኛው አዋጅ የበከለ ሰው ያጸዳል፣ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይከፍላል ይላል፤ በዝናብ ከሆነ ይማራል የሚል ነገር የለበትም። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624ም በ2001 ዓ.ም. ወጥቷል። የከተማ አስተዳደሩም በ2017 ዓ.ም. ወንዝ ዳርቻን ለማልማትና ብክለትን ለመከላከል ከባድ ቅጣት ያለው ደንብ አውጥቷል። የጎደለው ወረቀት አይደለም። ከወረቀቱ የጎደለ ነገር ካለ፣ ለአንድ የግንባታ ቦታ ይህን ያህል ስፋት ያለው የደለል ማስቀሪያ፣ ይህን ያህል ሚሊሜትር ዝናብ እግቢው ውስጥ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ብሎ በቁጥር የሚያስገድድ፣ ፎርማኑም ዘበኛውም ሊገባው የሚችል ዝርዝር መመሪያ ነው። ይህ ጉድለት ግን ለእናንተ መከላከያ አይሆንም። የሰው ደጃፍ ላይ ጭቃ አትድፋ ለመባል ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ መቁጠር አያስፈልግም።

አንተ መሐንዲስ፣ አንተን ለብቻህ ነው የምገሥጽህ፤ ባለ ገንዘቡ ባያውቅ አንተ ታውቃለህና። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥኸው አረብ ብረት ለመቁጠር ብቻ አልነበረም። ሃይድሮሎጂ ተምረሃል፤ ከአንድ ገላጣ መሬት ስንት ውኃ እንደሚወርድ፣ ደለል በምን ያህል ጊዜ እንደሚረጋ አስልተህ ነጥብ አግኝተሃል። ታዲያ የምታቀርበው የአካባቢ ተጽዕኖ ሰነድ ለምን ከሌላ ፕሮጀክት ተገልብጦ የመጣ ይሆናል? ለምንስ በውስጡ «ተገቢው ጥንቃቄ ይደረጋል» የሚል፣ ቦታ የሌለው፣ ልክ የሌለው፣ ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር ተጋድሞበት ይገኛል? በሥራና በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ስለ ኮንክሪቱ፣ ስለ ብሎኬቱ፣ ስለ እብነ በረዱ በየሳንቲሙ ትጽፋለህ፤ ለጎርፍ መቆጣጠሪያ ግን አንዲት መስመር አትጽፍም፣ ብትጽፍም ደንበኛህ «ይህቺ ትቀነስ» ሲልህ መጀመሪያ የምትሰርዘው እሷን ነው። ዋጋ ያልተያዘለትን ሥራ ተቋራጩ እንደማይሠራው እያወቅህ ሰርዘሃል። እንግዲህ ፊርማህ ሕንጻው እንደማይወድቅ ብቻ የሚመሰክር ይመስልሃል? የታችኛው ሰፈር ቤት ሲናድ የአንተ ስሌት ከቶ አይፈተሽ ይሆናል፤ ግን ያልሠራኸው ስሌት ነው የናደው።

የሚፈለገው ሥራ ረቂቅ ቢሆን ኖሮ ባዘንኩላችሁ ነበር። ቁፋሮን ከክረምት በፊት ጨርሶ መሸፈን፣ ወይም ክረምቱ እስኪወጣ ማቆየት ነው። ከላይ የሚመጣውን ንጹሕ ጎርፍ ግቢው ሳይገባ በዙሪያው ማዞር ነው። ከታች በኩል ደለል የሚያስቀር ጨርቅ እግሩን አፈር ውስጥ ቀብሮ መትከል፣ ውኃው ረግቶ የሚወጣበት ጉድጓድ መቆፈር፣ ጉድጓዱ ሲሞላም መጥረግ ነው። መውጫ በሩ ላይ ሻካራ ጠጠር አንጥፎ የመኪናውን ጎማ ማጠብ፣ የአፈሩን ክምር ሸራ ማልበስ፣ ለሲሚንቶ እጣቢ ወለሉ ውኃ የማያሳልፍ ጉድጓድ ለይቶ መስጠት ነው። ያ ጨርቅ የፊት ለፊቱ መስታወት ከሚፈጀው ምን ያህሉን ይፈጃል? አንድ የወሎ ወይም የሰሜን ሸዋ ገበሬ ይህን ሁሉ ያለ ዩኒቨርሲቲ ያውቀዋል። በየዓመቱ ጥር ሲገባ አካፋና ዶማውን ይዞ፣ ያለ ክፍያ፣ በራሱ ማሳ ላይም በጋራው ተራራ ላይም ጎርፍ መቀልበሻ ሲቆፍር፣ እርከን ሲሠራ፣ ገደል ውስጥ ክትር ሲደረድር ይከርማል። የኮንሶ ሰው እርከኑን ሲጠብቅ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታትን አሳልፎ ሥራው በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቦለታል። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የሚያንቀሳቅስ ባለሀብት ሸራ መግዣ አጣሁ ሲል ከዚህ ገበሬ ፊት ቆሞ እንዴት ሊናገር ይችላል?

ውጭ የምትኖሩትም አትሣቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚነሳው ፎቅ ውስጥ የእናንተ ዶላር ያለበት ብዙ ነው፤ አፓርታማ ገዝታችኋል፣ ከዘመድ ጋር ሽርክና ገብታችሁ ሕንጻ ታሠራላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ፣ በሥራ መንገዳችሁ ላይ በግንባታ አጥር ግርጌ የተዘረጋውን ጥቁር ጨርቅ በየቀኑ ታዩታላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ ተክላችሁታል። የዲሲ ደንብ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 5000 ስኩዌር ጫማ፣ ማለት 465 ካሬ ሜትር ገደማ፣ መሬት የሚነካ ግንባታ የመጀመሪያውን 1.2 ኢንች ዝናብ እዚያው ቦታው ላይ እንዲያስቀር ያስገድዳል። 465 ካሬ ሜትር እኛ ዘንድ የአንድ ቪላ ግቢ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የግንባታ ጎርፍ ፈቃድ ደግሞ ቦታው በየሳምንቱ፣ ወይም በየሁለት ሳምንቱና ሩብ ኢንች ዝናብ በጣለ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲፈተሽ፣ የተገኘውም እንዲጻፍ ያዛል። አሜሪካውያን ከእኛ የተሻለ ልብ ስላላቸው አይደለም። አናኮስቲያ የተባለው ወንዛቸው ቆሻሻ ተሸክሞ ዓይናቸው እያየ ሲሞት ነበር፤ ሕግ አወጡ፣ መቅጣትም ጀመሩ። እናንተም እዚያ ቅጣቱን ፈርታችሁ ጨርቁን ትተክላላችሁ። እዚህ ስትመጡ ግን «እንደ አገሩ ነዋ» ትላላችሁ። የአናኮስቲያ ዓሣ ያዘናችሁለትን ያህል የአቃቂ ሰው አላዘናችሁለትም። ገንዘብ ስትልኩ ስለ ቁልፍ መረከቢያ ቀን፣ ስለ ኩሽናው ዕቃ ትጠይቃላችሁ፤ «የቁፋሮው አፈር የት ሄደ?» ብሎ የጠየቀ ስንት ነው?

መንግሥትም ከዚህ ተግሣጽ አያመልጥም። በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ሥራ ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር ወንዝ ዳርቻ እንደሚለማ ተነግሯል። በዳርቻው ላይ የተሠራው መናፈሻ ያማረ ነው፤ ሰው ከልጆቹ ጋር ይቀመጥበታል፣ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የወንዝ ዳርቻ ማሳመር አንድ ነገር ነው፣ ወንዝ ማጽዳት ሌላ ነው። ወንዙ የሚጸዳው ከዳርቻው ሳይሆን ከላይ ከየግቢው፣ ከየቁፋሮው፣ ከየቱቦው ነው። የራሱ የመንገድና የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ ክረምት መሐል ተራራ የሚያህል አፈር ቆልሎ ሲተው ደንብ አስከባሪው በዚያ በኩል ዞር አይልም። ድንጋይና አሸዋ መንገድ ዳር ያራገፈውን አነስተኛ ቤት ሠሪ ግን ወዲያው ያገኘዋል። ደካማውን ብቻ የሚያገኝ ደንብ ብርቱውን የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብርቱ መሆን እንደሚያዋጣ።

ተቆጣጣሪዎችም የምትመላለሱበትን ሰዓት አስተካክሉ። የግንባታ ቦታ የምትጎበኙት በጥዋት፣ በፀሐይ፣ ቀጠሮ አስይዛችሁ ነው። በፀሐይማ የማን ግቢ ነው የሚፈስሰው? የብክለት ቁጥጥር አዋጁ ለአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በማንኛውም ተገቢ በመሰለው ሰዓት የመግባት ሥልጣን ሰጥቶታል። በዚህ አገር ፖሊስ እንኳ እንዲህ ያለ ሰፊ በር አልተከፈተለትም። ያንን ሥልጣን ይዛችሁ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጥል በቢሮ መስኮት ትመለከታላችሁ። ጃንጥላ ያዙና ውጡ። ከአጥሩ ሥር የሚወጣውን በጠርሙስ ቅዱ፣ ሰዓቱን ጻፉበት፣ ቤተ ሙከራ ላኩት። ዘበኛው «አለቃ የሉም» ሲላችሁ ተመልሳችሁ መሄድ ልማድ አድርጋችሁታል፤ የአለቃው መኖር ለጎርፉ ምን ይጨምርለታል? ከተቆጣጣሪዎች መካከል ሻይ ተጋብዞ ቅጹን እዚያው ጠረጴዛ ላይ የሚሞላም አለ። ለሱ የተለየ ቃል የለኝም፤ ሥራው ጉቦ ይባላል፣ ወንጀል ሕጉም ያውቀዋል።

እኛ ነዋሪዎችስ? ጎርፍ ሲመጣ ስልካችንን አውጥተን እንቀርጻለን፣ ቲክቶክ ላይ እንጥላለን፣ እየሣቅን «ሸገር ቬኒስ ሆነች» እንላለን። ቀጥሎ ጫማችንን አጥበን እንረሳለን። «ተራ ሰው ምን ያመጣል» የምንለው ሕጉን ሳናነብ ነው። ያው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በካይ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ አቤት ባዩ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የግንባታ ቦታው ሰሌዳ ላይ የባለቤቱ፣ የተቋራጩና የአማካሪው ስም በትልቁ ተጽፏል። ጎርፉን ስትቀርጹ ሰሌዳውን ጨምራችሁ ቅረጹ፤ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቡ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱን ለአዲስ አበባ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን መዝገብ ቤት ስጡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ማህተም አስመቱና ያዙ። 30ውን ቀን ቁጠሩ። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው ያንን ማህተም ነው።